አፕዴት ካደረግኩ በኋላ መሣሪያዎቼ የት ገቡ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እዚያ አንድሮይድ ስቱዲዮ እና ቪኤስ ኮድ በተባሉት የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች የሚማሩ ልጆችን አግዛለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ደሴ ላይ የሚጠይቁኝ አሉ። ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኮድ አይደሉም። «ትናንት እዚህ ጋ ነበር፣ ዛሬ የለም» የሚሉ ናቸው። ልጁ ኮዱን ያውቃል፤ ኮዱን የሚያስኬድበትን ምልክት ግን አጥቶ ግማሽ ቀን ይባክናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምመልሳቸውን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የሜኑ ስሞችን ድምፃቸውን ተከትዬ በእኛ ፊደል ጽፌያለሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ስትፈልጉ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ግማሹ ነገር የለም። ተሰርዞ ነው?

አብሽሩ፣ በአብዛኛው አልተሰረዘም።

ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ በርበሬ የምትገዙባት ሴት ከቦታዋ ብትታጣ «በርበሬ ጠፋ» ብላችሁ አትመለሱም። «በርበሬ ተራ ወዴት ዞረ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የምትጠይቁት የምትፈልጉትን ነገር ስም ስለምታውቁ ነው። «ከሦስተኛው መታጠፊያ በስተግራ» የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው ግን ተራው በተቀየረ ቀን ግራ ይገባዋል።

ሶፍትዌር ላይም እንዲሁ ነው። አንድ መሣሪያ ከዓይናችሁ ሲጠፋ ከአራት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ቦታ ቀይሯል፣ ስም ቀይሯል፣ ተደብቋል፣ ወይም በእርግጥ ወጥቷል። የመጨረሻው የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። እንደገና ብትጭኑትም ያው አዲሱ መልክ ነው የሚመጣው። የሚያልቀው ዳታችሁ ነው።

በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

በስሙ ጠይቁት። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እነዚህ ፕሮግራሞች ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ ብዙ ተማሪ ግን ይህን ሳያውቅ ዓመት ያልፈዋል።

አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ የሺፍትን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ። መፈለጊያ ሳጥን ይከፈታል። ፋይልም፣ ክላስም፣ የሜኑ ትእዛዝም አብሮ ይፈልጋል። ትእዛዝ ብቻ ከፈለጋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤ አንድ ላይ ተጫኑ። አንድሮይድ ስቱዲዮ የተሠራው ኢንቴሊጄይ አይዲያ በተባለ ሌላ የኮድ መጻፊያ ላይ ስለሆነ እነዚህ ቁልፎች ኢንቴሊጄይ ላይም፣ ፓይቻርም ላይም ይሠራሉ። ቪኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ ነው። ኤፍ 1 ብቻ ብትጫኑም ያንኑ ይከፍትላችኋል።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «ቲቸር፣ ሎግካት ተሰርዟል፤ እንደገና ላውርደው?» አለችኝ። ሎግካት የስልኩ መልእክቶች የሚታዩበት መስኮት ነው። ስልኳ ከላፕቶፑ ጎን ሆትስፖት እንደተከፈተ ተቀምጧል። ለማውረጃው ጥቅል ልትገዛ ነበር። «አብሽሪ፣ ቆይ፤ ሺፍትን ሁለቴ ንኪው» አልኳት። ሳጥኑ ተከፈተ። ስሙን መጻፍ ጀመረች። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ሎግካት ከፊቷ መጣ። ኢንተር አለች። መስኮቱ ከታች ተከፈተ፤ የስልኳ መልእክቶችም ይወርዱ ጀመር። ትንሽ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ዘጋችው፤ ራሷ እንደገና ፈልጋ ከፈተችው። ያን ሁለተኛውን ጊዜ በጣም ወደድኩት። ዳግመኛ ሲጠፋባት ማንንም መጠበቅ የለባትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ውጤቱ ሲመጣ አጠገቡ በደብዛዛ ቀለም የተጻፈውን አንብቡ። ትእዛዙ የትኛው ሜኑ ሥር እንዳለ ወይም የትኛው የቁልፍ አቋራጭ እንዳለው ይነግራችኋል። አዲሱን አድራሻ የምታገኙት እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የመሣሪያውን ስም ካላስታወሳችሁ የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። «ኤሙሌተር» ወይም «ፎርማት» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከላይ የነበረው ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው የሚለው መስመር የት ሄደ?

ኢንቴሊጄይ ላይ የተሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ መልካቸው ተቀይሯል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ይህ አዲስ መልክ በፈረንጆቹ 2023 ጂራፍ በተባለው ስሪት በምርጫ መጣ፤ ቀስ በቀስ ዋናው ሆነ። በዊንዶውስ እና በሊነክስ ላይ ያ ሁሉ ሜኑ ግራ ጥግ ከላይ ባሉት ሦስት አግድም መስመሮች ውስጥ ገብቷል። ንኩት፣ ሁሉም ይዘረገፋል።

እንደ ድሮው ተዘርግቶ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ «ቪው» ውስጥ «አፒራንስ» የሚለውን ክፈቱ። ስለ ዋናው ሜኑ የሚናገረውን ምርጫ እዚያ ታገኛላችሁ። አገላለጹ ከስሪት ስሪት ትንሽ ይለያያል፤ ሜኑውን በራሱ መስመር አሳይ የሚለውን ምረጡ።

ቪኤስ ኮድ ላይ ሜኑው ከጠፋ አልት ተጫኑ። ብቅ ካለ ተደብቆ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ኮዱ ብቻ ከቀረ ደግሞ አፕዴቱ ላይሆን ይችላል። ኮንትሮል ኬ፣ ከዚያ ዜድ በስህተት ተነክቶ «ዜን ሞድ» ውስጥ ገብታችሁ ይሆናል። ኢስኬፕን ሁለት ጊዜ ተጫኑ።

ከታች በስም ተጽፈው የነበሩት ተርሚናል፣ ቢልድ፣ ሎግካትስ?

ስማቸው ወጥቶ ምስል ብቻ ነው የቀረው። በግራ ጠርዝ ከታች በኩል ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል። የማውሱን ቀስት አንዱ ላይ አቁሙት፤ ስሙን ያወጣዋል።

የላፕቶፑ ስክሪን ትንሽ ሲሆን ምልክቶቹ ሁሉ አይበቁም። የተረፉት ሦስት ነጥብ ካለው ምልክት ሥር ይገባሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙ ብዙ ልጆች ላይ ያየሁት ይህን ነው። «ጓደኛዬ ጋ ይታያል፣ እኔ ጋ የለም» ይላሉ፤ ልዩነቱ የስክሪኑ ስፋት ብቻ ነው።

ስማቸው እንዲመለስ ከፈለጋችሁ በቅርብ ስሪቶች ላይ ያንን ጠርዝ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ የመስኮቶቹን ስም አሳይ የሚለውን ምረጡ። ለጀማሪ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ስሙን በየቀኑ ያየ ሰው ሲጠፋበት በስሙ ይፈልገዋል። አልት እና ኤፍ 12 ተርሚናልን፣ አልት እና 1 የፕሮጀክቱን ፋይሎች ይከፍታሉ። ሙሉው ዝርዝር «ቪው» ውስጥ «ቱል ዊንዶውስ» ሥር አለ።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ከላይ የፋይሉ ስም የተጻፈበትን ትር ሁለት ጊዜ ክሊክ ካደረጋችሁ በዙሪያው ያሉት መስኮቶች ሁሉ ይዘጋሉ። ሰው ሳያውቅ ያደርገውና አፕዴቱን ይወቅሳል። ያንኑ ትር እንደገና ሁለቴ ንኩት፣ ይመለሳሉ።

ግሬድል ፓኔል ውስጥ «ሳይኒንግ ሪፖርት» የለም። ሻ-ዋን እንዴት ላውጣ?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጥረውም። ግሬድል ኮዱን ወደ አፕ የሚገነባው መሣሪያ ነው፤ የሚሠራቸው ሥራዎች ታስክ ይባላሉ። ጎግል ማፕ ወይም የፋየርቤዝ ጎግል መግቢያ የሚሠራ ሁሉ ሻ-ዋን የሚባለውን የፊርማ አሻራ ይፈልጋል። የድሮ ትምህርቶች ሁሉ «በቀኝ በኩል ግሬድልን ክፈት፣ ታስክስ ውስጥ ግባ፣ አንድሮይድ ውስጥ ግባ፣ ሳይኒንግ ሪፖርትን ሁለቴ ንካ» ይላሉ። ተማሪው ይከፍተዋል፤ የሚፈልገው ስም የለም።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፕሮጀክት በተከፈተ ቁጥር የታስኮቹን ሙሉ ዝርዝር መሥራት ጊዜ ይወስዳል። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሲንክን፣ ማለትም ስቱዲዮው ፕሮጀክቱን ከግሬድል ጋር የሚያናብብበትን ሥራ፣ ያዘገያል። ስለዚህ ከ4.2 ስሪት ጀምሮ አንድሮይድ ስቱዲዮ ዝርዝሩን በራሱ መሥራት ተወ። ታስኩ አለ፣ ይሠራል፤ ዝርዝሩ ላይ ስሙ አልተጻፈም እንጂ። ራም ለሚያጥረን ለእኛ ላፕቶፖች ይህ ለውጥ ደግ ነው፤ ያኔ ግን ማንም ስላልነገረን ብዙ ደክመናል።

ዝርዝሩን ለመመለስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤክስፐሪመንታል» የሚለውን ክፈቱ። ስለ ግሬድል ታስክ ዝርዝር የሚናገር መስመር አለ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አባባሉ ከስሪት ስሪት ተገልብጧል። በፊት «ዝርዝሩን አትሥራ» ይል ነበርና ምልክቱን ማንሳት ነበረባችሁ። በቅርቦቹ «ሁሉንም ታስኮች አዘጋጅ» ስለሚል ምልክት ማድረግ አለባችሁ። ሳታነቡ ከቪዲዮ ጋር እኩል ከነካችሁ ተቃራኒውን ታደርጋላችሁ። ከዚያ ፕሮጀክቱን ሲንክ አድርጉ፤ የዝሆኗ ምልክት ናት።

እኔ ራሴ ግን ዝርዝሩን አልመልስም። ኮንትሮልን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እጫናለሁ። የሚከፈተው ሳጥን ላይ መጀመሪያ «ግሬድል» ብዬ በትንሽ ፊደል እጽፋለሁ። ክፍተት እተውና «ሳይኒንግ» እና «ሪፖርት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቄ፣ የሪፖርትን አር በትልቁ አድርጌ እጽፋለሁ። ኢንተር። ሻ-ዋኑ ከታች ይወጣል። የወጣው የዲበግ፣ ማለትም የሙከራ፣ ፊርማ መሆኑን አትርሱ። ለፕሌይ ስቶር የምትፈርሙበት ቁልፍ ሌላ ነው፤ የእርሱም አሻራ መመዝገብ አለበት።

ኤቪዲ ማናጀር፣ ዲቫይስ ፋይል ኤክስፕሎረር፣ አንድሮይድ ዲቫይስ ሞኒተር የት አሉ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስም ቀይረዋል። ኤቪዲ ማናጀር አሁን «ዲቫይስ ማናጀር» ነው። ኤሙሌተር፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ፣ የምትፈጥሩት፣ ስልካችሁን በዋይፋይ የምታገናኙትም ከዚያ ነው። ዲቫይስ ፋይል ኤክስፕሎረር «ፋይል» የሚለውን ጥሎ «ዲቫይስ ኤክስፕሎረር» ተብሏል።

ሦስተኛውን አትፈልጉት። አንድሮይድ ዲቫይስ ሞኒተር በ3.1 ስሪት ተተኪ ተዘጋጅቶለት ከ3.2 ጀምሮ ወጥቷል። ሥራው ተከፋፈለ። የሜሞሪና የሲፒዩ ክትትሉ ወደ ፕሮፋይለር፣ የገጹን አቀማመጥ ማየቱ ወደ ሌይአውት ኢንስፔክተር፣ ፋይል ማየቱ ወደ ዲቫይስ ኤክስፕሎረር ሄደ። ፎቶ ኮፒ ቤት ከሚዞሩት የድሮ ሃንድአውቶች ውስጥ እስካሁን ስሙ አለ። ያንን ገጽ ስታገኙ ጎኑ ላይ አዲሱን ስም ጻፉበት። ቀጥሎ ለሚያነበው ልጅ ትልቅ ውለታ ነው።

ኤፒኬ የማወጣበት ሜኑ ተቀየረ?

ኤፒኬ ስልክ ላይ የሚጫነው የአፑ ፋይል ነው። አዎ፣ ቃላቱ ተቀይረዋል። አሁንም «ቢልድ» ሜኑ ውስጥ ነው። «ጀነሬት» በሚል ቃል የሚጀምሩትን ሁለት መስመሮች እዩ። «ሳይንድ» የሚል ያለበት የተፈረመውን፣ የሌለበት ለሙከራ የሚሆነውን ያወጣል። በቅርብ ስሪቶች «ሪቢልድ» የሚለውም ቃል «ክሊን» እና «አሴምብል» በሚሉ ቃላት ተተክቷል።

ቪኤስ ኮድ ላይ የግራው ፓኔል ቀኝ ሄደ፣ ተርሚናሉም ሌላ ቦታ ነው። እንዴት ልመልሰው?

ቪኤስ ኮድ ላይ ማንኛውንም ፓኔል በማውስ ጎትቶ ማዘዋወር ይቻላል። ስለዚህ ግማሹ የአፕዴቱ ሥራ ነው፣ ግማሹ የእጃችሁ። መመለሻው ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ ተጫኑና «ሪሴት ቪው ሎኬሽንስ» ብላችሁ ጻፉ። ተጎትተው የተዘዋወሩት ወደ መጀመሪያ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ፋይላችሁ አይነካም። የግራው ፓኔል እንዳለ ቀኝ ከቀረ «ቶግል ፕራይመሪ ሳይድ ባር ፖዚሽን» ብላችሁ ጻፉ።

በግራ ያሉት ዋና ምልክቶች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄዱ፣ ወይም ጭራሽ ከሌሉ፣ በመፈለጊያው «አክቲቪቲ ባር» ብላችሁ ጻፉ፤ ቦታውን የሚቀይሩት ትእዛዞች ይመጣሉ። በቅርብ ስሪቶች በቀኝ በኩል የቻት ፓኔል ተከፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ቦታ ከያዘባችሁ ኮንትሮል፣ አልት እና ቢ ይዘጋዋል።

ፓይተን ለምትማሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የፓይተኑን ስሪት የምትመርጡበት ጽሑፍ ድሮ ከታች በግራ ነበር። አሁን ከታች በቀኝ ነው፤ የሚታየውም የፓይተን ፋይል ስትከፍቱ ብቻ ነው። ፋይል ሳይከፍቱ ፈልገው «ፓይተን አልተጫነም» የሚሉ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ፋይሉን ክፈቱ።

ሁሉንም ወደ ድሮው መልክ መመለስ አይቻልም?

ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ አልመክርም። ኢንቴሊጄይ ከ2024.2 ስሪት ጀምሮ አዲሱን መልክ ለሁሉም አድርጎ የድሮውን «ክላሲክ ዩአይ» የሚባል ፕለጊን ውስጥ አስገብቶታል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕለጊንስ» ከፍታችሁ ስሙን ጽፋችሁ ትጭናላችሁ።

የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። አዳዲስ ትምህርቶች ሁሉ በአዲሱ መልክ እየተሠሩ ነው። ሥራ ስትገቡም የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። አራት አምስት ቀን ብትቸገሩ እጃችሁ ይለምደዋል። ዲፌንሳችሁ ሳምንት ከቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ፕለጊኑን ጫኑ፣ ሥራችሁን ጨርሱ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ተለማመዱ።

ዩቲዩብ ላይ የማየው ከእኔ ስክሪን ጋር አይመሳሰልም።

«ሄልፕ» ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፍታችሁ የራሳችሁን ስሪት እወቁ። ከዚያ ቪዲዮው የወጣበትን ዓመት እዩ። ከ2023 በፊት የተሠራ የአንድሮይድ ስቱዲዮ ቪዲዮ ከሆነ ኮዱን ተማሩበት፤ የት ጋ እንደሚጫን ግን አትከተሉት።

ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ዳታም ውድ ነው። አፕዴቱን ላቁመው?

ለጊዜው ማቆም ነውር የለውም። አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። ኤሙሌተርና ኤስዲኬ (አፕ ለመሥራት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ሲጨመር ደግሞ እጥፍ ድርብ ይሆናል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕዴትስ» ብላችሁ ፈልጉና ራሱ እንዳይፈትሽ አድርጉ። ቪኤስ ኮድ ላይ «አፕዴት ሞድ» የሚለውን ፈልጋችሁ «ማንዋል» በሉት።

እኔ የምከተለው ሕግ ይህ ነው። ፕሮጀክት መሃል ላይ አፕዴት አላደርግም። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ማታ ማሳሰቢያው ሲመጣ ዝም ብዬ እሺ አልኩ። ጠዋት ለሰው የማሳየው ሥራ ነበረኝ። በማግስቱ ደሴ ላይ ጉም ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረው ባትሪ ትንሽ ነበር። እኔ ደግሞ የማስኬጃውን ምልክት እየፈለግኩ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ጭንቀት ለማንም ተማሪ አልመኝም።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። ስቱዲዮውን ማሻሻል እና የፕሮጀክቱን የግሬድል ፕለጊን ማሻሻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአፕዴቱ በኋላ ፕሮጀክት ስትከፍቱ «ይህንንም ላሻሽልልህ?» የሚል መልእክት ከጥግ ይመጣል። አሁኑኑ የግድ አይደለም። እሺ ካላችሁት አዲስ ግሬድል ማውረድ ይጀምራል፤ ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮጀክት አይሠራም። መጀመሪያ ኮዳችሁን ጊት በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም አስቀምጡ። ከዚያ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ፣ ቀን ላይ ሥሩት።

ማውረጃውን አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ማዳረስም ጥሩ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴው ግቢም ሆነ በኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ፣ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ዓይነት ስሪት ተጠቀሙ። ሁላችሁ አንድ ስክሪን ስታዩ አንዱ ላንዱ መንገር ይቀለዋል።

ያስተካከልኩትን አቀማመጥ ላጣው ነው?

አታጡትም። አንድሮይድ ስቱዲዮ ለየስሪቱ የተለየ የሴቲንግ ፎልደር አለው። አዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የድሮውን ላምጣ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ በሉት። ከላብ ወደ ቤት ለመውሰድ ደግሞ «ፋይል» ውስጥ «ማኔጅ አይዲኢ ሴቲንግስ» ከዚያ «ኤክስፖርት» በሉ። አንዲት ዚፕ ፋይል ትወጣለች፤ ፍላሽ ላይ ያዟት። ቪኤስ ኮድ ላይ በጊትሃብ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ «ሴቲንግስ ሲንክ»ን ካበራችሁ ራሱ ያመሳስላል።

ሁሉንም ሞክሬ አላገኘሁትም። ምን ልላክልህ?

ሦስት ነገር ላኩልኝ። «አባውት» ላይ የተጻፈውን ስሪት፣ በዚያ መሣሪያ ምን ትሠሩበት እንደነበር፣ እና ስክሪንሾት። «አይሠራም» የሚል ብቻ ከመጣ ከደሴ ሆኜ ምንም መገመት አልችልም።

ስክሪንሾቱን አትቁረጡት። ብዙ ሰው የማይሠራው ቦታ ይኼ ነው ብሎ መሃሉን ብቻ ቆርጦ ይልካል። የጠፋባችሁ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ነው ያለው። በስልክ አዘንብላችሁ ያነሳችሁትም ፎቶ አይሁን፤ እነዚያ ትንንሽ ምልክቶች አይነበቡም። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትን እና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ፣ መስኮቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙና ላኩ። የት ጋ እንደሆነ ቀስት ሠርቼበት እመልስላችኋለሁ።